ገንዳው አረንጓዴ ሲሆን ምን ይሻላል? መድፋት፣ ክሎሪን፣ አልም ወይስ የአልጌ መድኃኒት

ወሎ ውስጥ በግቢው የመዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ግን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ከሚሴ አካባቢ ትንሽ ገንዳ ያሠሩ ቤተሰቦችና የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። የሚጨነቁበት ጊዜም አንድ ዓይነት ነው። ልጆቹ ከዓረብ አገር ወይም ከአዲስ አበባ ለአረፋ፣ አልያም ለገና ሊመጡ ነው። ቤቱ ቀለም ተቀብቷል፣ በጉ ተገዝቷል። ገንዳው ግን አልጌ የሚባለው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ጥቃቅን ነገር ወርሶት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል።

ያኔ መካሪ ይበዛል። አንዱ "ድፉትና እጠቡት" ይላል። ሌላው "በረኪና ጨምሩበት" ይላል። ሦስተኛው አልም የሚባለውን የውሃ ማጥሪያ ይዞ ይመጣል። ሻጩ ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ያሳያል። ሁሉም የሚሉት ነገር እውነት አለው። ግን እያንዳንዱ የሚያገለግለው ለተለያየ ችግር ነው። ስለዚህ አማራጮቹን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። የምርት ስም አላወዳድርም። ዋጋው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር በብር አልጻፍኩም፤ የቱ ውድ የቱ ርካሽ እንደሆነ ግን እናገራለሁ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ውሃ ነው። 8 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ወርድና በአማካይ 1.25 ሜትር ጥልቀት ያለው ገንዳ 40 ሜትር ኩብ ይይዛል። 40,000 ሊትር ማለት ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ 2,000 ጀሪካን ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ በሚጠብቅበት ሰፈር፣ ይህን ሁሉ ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ያሳዝናል። እኔ ይህን መለኪያ ከገንዘብም አስቀድመዋለሁ።

ሁለተኛው፣ ዘዴው አልጌውን ይገድላል ወይስ ከዓይን ብቻ ያርቀዋል? ሦስተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል ወይ? ማጣሪያው ያለ ፓምፕ፣ ፓምፑም ያለ መብራት አይሠራም። አራተኛው፣ ዕቃው እዚሁ ይገኛል ወይስ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ያስፈልጋል? አምስተኛው፣ የሚዋኘውን ልጅ፣ የገንዳውን ግድግዳና ውሃው የሚፈስበትን ቦታ ይጎዳል ወይ? ከዚህ በኋላ ገንዘብ ይመጣል። መጀመሪያ ርካሽ የመሰለው ዘዴ ሁለት ሦስቴ ከተደገመ ርካሽ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት ግድግዳውን ዳብሱት

አልጌ ሁሉ አንድ አይደለም። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ግድግዳውም የሚያዳልጥ ከሆነ፣ የተለመደው አረንጓዴ አልጌ ነው። ለመግደል ቀላሉ እሱ ነው። ውሃው ንጹሕ መስሎ ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ ቢጫ አቧራ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ በእጃችሁ ጠረግ አድርጉት። እንደ ደመና ተነሥቶ ከተበተነና በማግስቱ እዚያው ከተመለሰ ቢጫ አልጌ ነው። ክሎሪንን በመጠኑ ይቋቋማል።

ሦስተኛው ጥቁሩ ነው። በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በጣት ቢፈገፈግ አይለቅም። በሳይንስ ዓይን ይህ አልጌ ሳይሆን ሳይኖባክቴሪያ የሚባል የባክቴሪያ ዓይነት ነው። ከላይ የሚከላከልለት ሽፋን አለው፤ ሲሚንቶው ቀዳዳ ውስጥም ገብቶ ይይዛል። ገንዳችሁ ይህ ካለበት ከታች ያለውን ምክር ሁሉ ጠንከር አድርጋችሁ ውሰዱት።

ሦስቱም የሚመጡት በነፋስ፣ በዝናብ፣ በአቧራና በወፍ እግር ነው። እንዳይገቡ መከልከል አይቻልም። የሚባዙት ግን ነፃው ክሎሪን (ገና ሥራ ላይ ያልዋለው) ሲያልቅ፣ ፀሐይና ሙቀት ሲያገኙ፣ ምግብም ሲኖራቸው ነው። ምግባቸው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ከማሳ ወይም ከጓሮ የሚወርድ ማዳበሪያ ያለበት ጎርፍ ገንዳው ውስጥ ከገባ ቀለባቸውን አገኙ ማለት ነው። በበልግና በክረምት ከገንዳው በላይ ትንሽ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ መቅደድ ከብዙ ኬሚካል ይሻላል።

አንደኛ አማራጭ፦ ውሃውን ደፍቶ ማጠብ

ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው ይህን ነው። ኬሚካል ስለማይጠይቅ ደስ ይላል። ግን ከመለኪያዎቹ በመጀመሪያው ይወድቃል። ቦቴ ማስመጣት ካለባችሁ ደግሞ ከሁሉም ውዱ ነው።

ችግሩ ውሃው ብቻ አይደለም። ግድግዳው ታጥቦ አዲስ ውሃ ቢሞላም ክሎሪኑ ካልተስተካከለ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ ሳይቆይ ያው አረንጓዴ ይመለሳል። በክረምት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። መሬቱ ውሃ ሲጠግብ ከሥር ወደ ላይ ይገፋል። ገንዳው ሙሉ ሲሆን ክብደቱ ይቋቋመዋል፤ ባዶ ሲሆን ወለሉ ሊሰነጠቅ፣ ገንዳው ከነአካቴውም ወደ ላይ ሊነሣ ይችላል።

መድፋት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግድግዳው ተሰንጥቆ ሊጠገን ሲሆን፣ ጥቁሩ አልጌ ልስኑን ሙሉ ለሙሉ ወርሶት ሲሆን፣ ወይም ከታች የምናገርለት፣ ክሎሪንን ከፀሐይ የሚጠብቀው ማረጊያ ኬሚካል ከልክ ሲያልፍ። ያኔም በበጋ ይሁን። በከፊል ማውጣት ከበቃ በከፊል ይሁን። የክሎሪኑ ኃይል እስኪያልቅ ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ውሃውን ለዛፍ አጠጡት።

ሁለተኛ አማራጭ፦ የዱቄት ክሎሪን ከብሩሽና ከማጣሪያ ጋር

ኤችቲኤች እየተባለ የሚጠራው ዱቄት ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 70 በመቶ ክሎሪን አለው። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያም ይውላል። ስለዚህ የውሃ ማከሚያ ኬሚካል የሚሸጡ ቤቶች ጠይቁ። ለተራው አረንጓዴ ገንዳ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ስለዚህ አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መጠን፣ ይለካ። ሰው ይህን እየዘለለ ነው ክሎሪን የሚያባክነው። ፒኤች 7.5 ላይ ከክሎሪኑ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ኃይለኛ ሆኖ የሚሠራው። 8 ሲደርስ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያው ዱቄት፣ ያው ወጪ፣ ግማሽ ሥራ። ከ7.2 እስከ 7.4 አድርጋችሁ ጀምሩ። መለኪያው ትልቅ ዕቃ አይደለም፤ ቀለም የሚቀይር ወረቀት ወይም ሁለት ጠብታ ያለው ትንሽ ሳጥን ይበቃል። ያለ እሱ ግን ሥራው ግምት ነው።

ቀጥሎ መጠኑ። ቀለል ላለ አረንጓዴ ክሎሪኑን በሊትር 10 ሚሊ ግራም ማድረስ ጥሩ መነሻ ነው። ለ40 ሜትር ኩብ 400 ግራም ንጹሕ ክሎሪን ማለት ነው። ዱቄቱ 65 በመቶ ከሆነ 620 ግራም ገደማ ይሆናል። ወለሉ የማይታይ ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ያስፈልጋል። ቢጫና ጥቁር አልጌም ከዚያ አያንስም።

ሲበጠበጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባልዲው መጀመሪያ ውሃ ይሞላ፤ ዱቄቱ በላዩ ላይ ቀስ እያለ ይጨመር። ዱቄቱ ላይ ውሃ ማፍሰስ አደገኛ ነው፣ ይፈላል፣ ይረጫል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ቁሙ። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ አማስሉት። ጥቂት ሲቆይ ከሥር ነጭ ዝቃጭ ይቀራል። እሱ ኖራ ነው። ከላይ ጠልሎ የወጣውን ውሃ ብቻ ገንዳው ውስጥ ዙሪያውን አፍስሱ፤ ዝቃጩን አትጨምሩት።

ሰዓቱ ማታ ይሁን። ማረጊያ የሌለውን ክሎሪን ጠራራ ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሰዋል። ጠዋት የጨመራችሁት እኩለ ቀን ሳይሞላ የለም።

ብሩሽ የግድ ነው። ከመጨመራችሁ በፊትም በኋላም ግድግዳውን፣ ደረጃውን፣ የመሰላሉን ጀርባ ፈግፍጉ። ለሲሚንቶ የሽቦ ብሩሽ፣ ለሴራሚክና ለፕላስቲክ ሽፋን የናይለን ብሩሽ። ጥቁሩ አልጌ ላይ ክሎሪን ብቻውን ውጤት የለውም፤ ሽፋኑ በሽቦ ካልተቀደደ መድኃኒቱ አይደርሰውም። ፓምፑ ደግሞ መብራት እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ ይሥራ። የማጣሪያው ግፊት ንጹሕ ከነበረበት በ0.5 ባር ያህል ሲጨምር ውሃውን ወደ ኋላ በማስኬድ በግልባጭ ይታጠብ።

ጠዋት ውሃውን እዩት። አረንጓዴው ወደ ግራጫ ወይም ነጭ ጉም ከተለወጠ አልጌው ሞቷል። ነፃው ክሎሪን ዜሮ ከሆነ ግን ውጊያው አላለቀም፤ ማታ ድገሙት። ማታ ለክታችሁ ጠዋት ስትለኩ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ አሸንፋችኋል። ነጭ ሰሃን ጥልቁ ጋ ጣሉ፤ ጠርዙ ጥርት ብሎ እስኪታይና ክሎሪኑ በሊትር ወደ 3 ሚሊ ግራም እስኪወርድ ልጅ አይግባ። ወለሉ የማይታይ ገንዳ ውስጥ የሰጠመ ልጅም አይታይም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው።

ሦስተኛ አማራጭ፦ በረኪና

በየሱቁ አለ። የሚሠራውም ያው ክሎሪን ነው፣ በፈሳሽ መልክ። አዲስና 5 በመቶ የሆነ በረኪና ከሆነ፣ ከላይ ላልነው 10 ሚሊ ግራም 8 ሊትር ይበቃል። ጥሩ ጎኑ ዝቃጭ የለውም፣ ኖራም አይጨምርም። የጉድጓድ ውሃችሁ ማሰሮና ማሞቂያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ከዱቄቱ ይልቅ በረኪና ይስማማዋል።

ድክመቱ ኃይሉ ቶሎ መሞቱ ነው። ሙቀትና ብርሃን ያደክሙታል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ የተጻፈበትን ያህል ኃይል የለውም። የተመረተበትን ቀን እዩ። ሽታ፣ ቀለም ወይም ሳሙና የተጨመረበትን ለገንዳ አትጠቀሙ። ለትልቅ ገንዳ በየጊዜው በረኪና መግዛት ወጪው ይከብዳል። ለትንሽ ግን የሚወዳደረው የለም።

አራተኛ አማራጭ፦ የክሎሪን እንክብል

ቀስ እያለ የሚሟሟው ትልቁ ነጭ እንክብል ውስጥ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚጠብቅ ማረጊያ አለ። ሲያኑሪክ አሲድ ይባላል። ለዕለት ጥበቃ ጥሩ ነው። ለመፈወሻ ግን አይመረጥም። እንክብሉ 10 ሚሊ ግራም ክሎሪን በሰጠ ቁጥር 6 ሚሊ ግራም ማረጊያ ይተዋል። ክሎሪኑ ያልቃል፣ ማረጊያው ይጠራቀማል። በሊትር ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ሲሆን ይጠቅማል፤ ከ100 ሲያልፍ ክሎሪኑን ስለሚያስረው ውሃው ክሎሪን እያለው አረንጓዴ ይሆናል። መውጫው ውሃ መድፋት ነው። ልንሸሸው የፈለግነው ደግሞ እሱን ነበር።

አምስተኛ አማራጭ፦ አልም

አልም አልጌ አይገድልም። የሞተውን አሰባስቦ ወደ ታች ያወርዳል። ስለዚህ ተራው ከክሎሪን በኋላ ነው። ውሃው ነጭ ጉም ሆኖ ማጣሪያው አላጠራ ሲል፣ በሜትር ኩብ ከ30 እስከ 50 ግራም በባልዲ አሟሙታችሁ ገንዳው ላይ በትኑ፣ አማስሉት፣ ከዚያ ፓምፑን አጥፍታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ወለሉ ላይ ለስላሳ ግራጫ ምንጣፍ ታገኛላችሁ። እንዳይበጠበጥ ቀስ ብላችሁ በቱቦ ወደ ውጭ መሳብ ነው፤ በማጣሪያው በኩል አይሆንም፣ አሸዋውን ይደፍነዋል።

ለእኛ አገር ትልቁ ጥቅሙ መብራት አለመጠየቁ ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ግቢው ተዳፋት ስለሆነ የአትክልት ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ብትለቁት ያለ ፓምፕ ራሱ ይስባል። ጥቂት ውሃ ይባክናል። አልም ፒኤች ስለሚያወርድ ከዚያ በኋላ መለካት አይርሳ።

ስድስተኛ አማራጭ፦ የአልጌ መድኃኒት

ሁለት ቤተሰብ አለ። አንዱ መዳብ ያለበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ነው። አልጌ ላይ ኃይለኛ ነው። ግን መዳብ አይተንም፣ አያልቅም፤ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ልስኑን ያዥጎረጉራል፣ ነጣ ያለ ፀጉርንም አረንጓዴ ያደርጋል። ለዓሣ በትንሽ መጠንም መርዝ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ቦይ የገባ ውሃ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከና ወደ አዋሽ ይገባል። ሐይቅ ከተማ ላይ ደግሞ ሰው ዓሣ የሚያጠምድበት ሐይቅ ከእግር ሥር ነው። ለሰብል በሽታ የሚረጨውን የመዳብ ሰልፌት በግምት ገንዳ ውስጥ የሚጨምር ሰው ካለ ይተው።

ሁለተኛው መዳብ የሌለው ነው። ርካሹ ዓይነት አረፋ ያበዛል፤ አረፋ የሌለው ውድ ነው፣ ከአዲስ አበባም ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለቱም ከክሎሪን በኋላ እንዳይመለስ ለመከላከል ይረዳሉ። አረንጓዴ የሆነ ገንዳ ላይ ብቻቸውን ቢጨመሩ ገንዘብ ማባከን ነው።

| አማራጭ | የሚባክን ውሃ | ይገድላል? | ያለ መብራት | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| መድፋት | ሙሉው | ለጊዜው ያስወግዳል | ይቻላል | ውሃ ከተገዛ ከሁሉ ውድ | ለጥገና፣ ማረጊያ ከልክ ሲያልፍ |
| የዱቄት ክሎሪን | ትንሽ | አዎ | ይገድላል፣ ለማጥራት ፓምፕ ይፈልጋል | መካከለኛ | ለአብዛኛው ገንዳ |
| በረኪና | ትንሽ | አዎ፣ አዲስ ከሆነ | እንደ ዱቄቱ | ለትንሽ ገንዳ ርካሽ | ለትንሽ ገንዳ፣ ኖራ ለበዛበት ውሃ |
| እንክብል | ኋላ ላይ ብዙ | ቀስ ብሎ | ዝውውር ይፈልጋል | መካከለኛ | ለጥበቃ ብቻ |
| አልም | ጥቂት | አይገድልም | አዎ | ርካሽ | ከክሎሪን በኋላ |
| የአልጌ መድኃኒት | የለም | ይረዳል | ዝውውር ይፈልጋል | ውድ | ለመከላከል |

አንድ ነገር ከሠንጠረዡ ውጭ መባል አለበት። ዱቄት ክሎሪንን ከእንክብል፣ ከአሲድ ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር በአንድ ባልዲ አትቀላቅሉ፤ በአንድ ማንኪያም አትቅዱ። ክሎሪንና አሲድ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ዱቄትና እንክብል ሲገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ። ልጅ የማይደርስበት፣ ደረቅና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ለየብቻ ይቀመጡ።

የእናንተ የትኛው ነው?

በዓሉ አራት ቀን ከቀረው ዛሬ ማታ ዱቄት ክሎሪንና ብሩሽ፣ ነገ ማታ እንደገና፣ በሦስተኛው ማታ አልም፣ በአራተኛው ጠዋት ዝቃጩን መሳብ። ፒኤች ለክታችሁ፣ ክሎሪኑም ወርዶ ከሆነ ለበዓሉ ይደርሳል። ቢጫ ወይም ጥቁር አልጌ ከሆነ ግን በአራት ቀን አትመኑ፤ ለልጆቹ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

የእንግዳ ማረፊያ ካላችሁ መለኪያውን በየቀኑ ተጠቀሙ፤ ለፓምፑም ጄኔሬተር አስቡበት። የፕላስቲክ የልጆች ገንዳ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። 3 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ በረኪና ይበቃዋል። አንድ ሁለት በርሜል ውሃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ አትክልት ላይ ደፍቶ ማጠብ ይሻላል፤ መድፋትን ያለ ቅሬታ የምመክረው እዚህ ላይ ነው።

ቦታውም ለውጥ አለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርዱ ራሱ አልጌውን ያዘገየዋል። ኮምቦልቻ በ650 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ባቲና ከሚሴ ደግሞ ከዚያም ይሞቃሉ። እዚያ ለደሴ የሚበቃው ክሎሪን አይበቃም፤ መሸፈኛ ሸራ መግዛትም ያዋጣል። ሸራ ብርሃን ይከለክላል፣ የሚተነውን ውሃም ይቀንሳል።

ባለቤቱ ውጭ አገር ሆኖ ግቢው በጠባቂ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ሸራውን አልብሱና ለጠባቂው መለኪያውን አሳዩት። ለ40 ሜትር ኩብ 60 ግራም ገደማ ዱቄት ክሎሪኑን በ1 ሚሊ ግራም ከፍ ያደርጋል። ነፃው ክሎሪን ከ1 እንዳይወርድ፣ ከ3 እንዳያልፍ ይበቃል። በሳምንት ሁለት ሦስት ማታ ይለካ፣ የጎደለውን ይጨምር፣ መብራት ባለ ሰዓት ፓምፑን ያሠራ። ለዚህ ሥራው ተጨማሪ ክፍያ ቢያገኝ ተገቢ ነው፤ ከአንድ ቦቴ ውሃ አይበልጥም።